ሁለተኛው ድንጋይ አልተነቀነቀም

መርሳ፣ ኅዳር 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ጥሩወርቅ፣

እንዴት ከርመሻል? እኔ አልሐምዱ ሊላህ ደህና ነኝ። ስልክሽ እያለኝ ለምን ወረቀት ላይ እንደጻፍሁልሽ መጀመሪያ ሳይገርምሽ አይቀርም። ቁጥርሽን ካገኘሁ ዓመት ሞልቶኛል። ሦስት ጊዜ ደውዬ ሳታነሺው ዘግቼዋለሁ። ድምፅሽን ከሰማሁ ሌላ ወሬ እንደማወራ ስለማውቅ ነው። አሁን ስላለሽበት ስለ ሐራ ሙቀት፣ ስለ ኑሮው ውድነት፣ ስለ እናትሽ ጤና ጠይቄሽ፣ ደህና ሁኚ ብዬሽ እዘጋው ነበር። ይህን ነገር ሳላቋርጥ ከዳር እስከ ዳር መናገር የምችለው ጽፌ ብቻ ነው።

ስለዚህ ዋናውን ላስቀድም። የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፍሽን ዲፌንስ ያበላሸው ስህተት ያንቺ አልነበረም። ሁለተኛው ድንጋይ ከቦታው አልተነቀነቀም፣ ዓይንሽም አልተሳሳተም። የናሙና ከረጢቶቹን ያቀያየርኋቸው እኔ ነኝ። በግምት ቁጥር እንደጻፍሁባቸው ከታኅሣሥ 2011 ጀምሮ አውቃለሁ። ግምቴ ስህተት እንደነበረ ደግሞ ውጤቱ ከመጣበት ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። አንቺ ሳታውቂ ኖርሽ፣ እኔ እያወቅሁ ዝም አልሁ።

አሁን ከመጀመሪያው ልንገርሽ። አንዳንዱን ከእኔ የበለጠ ታውቂዋለሽ። ግን አባቴ "ከመላክሽ በፊት አንብቢልኝ" ብሎኛል፣ ስለዚህ እሱም በሚገባው መንገድ ነው የምጽፈው።

በዚያ ዓመት ሁለተኛ ዲግሪ ከጀመርነው አሥራ አንድ ተማሪዎች ሴቶቹ አንቺና እኔ ብቻ ነበርን። ሁለታችንም የሰሜን ወሎ ልጆች ነን፤ አንቺ ገብስና ባቄላ ከሚበቅልበት ከጉባ ላፍቶ ደጋ፣ እኔ ማንጎና ብርቱካን ከሞላበት ከአባቴ ጓሮ። የበረዶ ዘመን ላጠና ነው ስልሽ ከት ብለሽ ሳቅሽብኝ። "አንቺ ብርድ ምን እንደሆነ ሳታውቂ?" አልሽኝ። እውነትሽን ነበር። እስከዚያ ድረስ ያየሁት በረዶ ሐምሌ ላይ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጠውን ብቻ ነው።

አማካሪያችን ዶክተር ዮሐንስ ፎቶውን ያሳዩን ጊዜ ትዝ ይልሻል? ከድልብ በላይ ካለው ደጋ፣ ሰዎቹ ውርጭ አምባ የሚሉት ተራራ ጫፍ ሥር፣ ሰው ሆነ ብሎ የደረደረው የሚመስል ረጅም የድንጋይ ክምር። ጥያቄው ሁለት ነበር። ይህን ክምር ገፍቶ ያመጣው የበረዶ ግግር ነው ወይስ ተራራው ተንዶ ነው? በረዶ ከሆነስ መቼ? ዶክተር ዮሐንስ ሁለተኛውን መመለስ ከቻልን የመጀመሪያውም እንደሚቀል ነገሩን።

አባቴ እዚህ ጋ ሲደርስ ይጠይቀኛል፣ ስለዚህ ላብራራለት። በረዶ ሲቀልጥ ውኃ ሆኖ ይወርዳል እንጂ ቀኑን ጽፎ አይሄድም። የሚተወው ምስክር ገፍቶ ያመጣው ድንጋይ ነው። ያ ድንጋይ በረዶው ከላዩ ከተነሣለት ቀን ጀምሮ ከሰማይ በሚወርድ ጨረር ይመታል። ጨረሩ በድንጋዩ ቆዳ ውስጥ እጅግ ጥቂት ምልክት እያጠራቀመ ይሄዳል። ያን ምልክት በላቦራቶሪ የሚለካ ሰው ድንጋዩ ስንት ዓመት ሰማይ እንዳየ ይናገራል። ይህ ግን ድንጋዩ ከተቀመጠበት ካልተነሣ ነው። ተገላብጦ ከሆነ ሆዱ ወደ ላይ ይዞርና ትናንት የመጣ ይመስላል። አፈር ውስጥ ተቀብሮ ቆይቶ ጎርፍ ገልጦት ከሆነም እንደዚያው ነው። ከበረዶው በፊት ገደሉ ላይ ሆኖ ሰማይ ሲያይ የኖረ ከሆነ ደግሞ ከዕድሜው በላይ አርጅቶ ይገኛል። ስለዚህ የሥራው ግማሽ ላቦራቶሪው ሳይሆን ተራራው ላይ ድንጋይ መምረጡ ነው። በምርጫው ደግሞ እንዳንቺ ያለ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ስድስት ቀን ቆየን። የአገሩ ሰው አያ ካሳዬ በቅሏቸውን ይዘው መሩን፣ ቤታቸውም አሳደሩን። በመጀመሪያው ጠዋት ከቤት ስወጣ ገብሱ ሁሉ ነጭ ሆኖ አየሁ። ጨው የተነሰነሰበት መስሎኝ በጣቴ ነካሁት። አንቺ ጋቢሽን ከላይሽ አውልቀሽ ደረብሽልኝ። እኔ በሁለት ጋቢ ተጠቅልዬ አንቺን ድንጋይ ስትመርጪ አይ ነበር። ከአንዱ ድንጋይ ወደ ሌላው ትሄጂያለሽ፣ ትገፊዋለሽ፣ ዙሪያውን ትዞሪያለሽ፣ ሥሩን በመሮ ትጭሪያለሽ፣ ከዚያ "ይህ አይሆንም" ብለሽ ታልፊያለሽ። በሁለት ቀን ውስጥ ከመቶ በላይ ድንጋይ ጥለሽ አምስት መረጥሽ።

ሁለተኛውን ያገኘሽ ጊዜ ፊትሽ በራ። ግማሹ መሬት ውስጥ የገባ፣ አናቱ ጠፍጣፋ የሆነ፣ ሽበት የመሰለ ነጣ ያለ ነገር የበቀለበት ድንጋይ ነበር። በደብተርሽ ላይ "ከሁሉም የምተማመንበት" ብለሽ ጻፍሽ።

ከአራተኛው ናሙና ከፈለጥን በኋላ ደግሞ አያ ካሳዬን ጠየቅሻቸው። "አያ ካሳዬ፣ ከነዚህ ውስጥ ሰው የነካው አለ ሲባል ሰምተው ያውቃሉ?"

እሳቸውም በዱላቸው እያመለከቱ መለሱልሽ። "ይኸንን አባቴ ነው የገለበጠው። ለበግ በረት ግድግዳ ይሆነኛል ብሎ ስምንት ሰው አምጥቶ በመፈንቀያ ገፋው። አንድ ጊዜ ተገልብጦ እምቢ አላቸው፣ ትተውት ሄዱ። እኔ ያኔ ሕፃን ነበርሁ፣ ቁሜ አይቻለሁ።"

አንቺም ናሙናውን አልጣልሽውም። የድንጋዩን ውፍረት ለክተሽ አንድ ሜትር ከአምስት ሳንቲም ብለሽ መዘገብሽ፣ ከጎኑም "ተገልብጧል፤ አይላክ" ብለሽ ጻፍሽበት። ከረጢቱ ላይ ግን እንደሌሎቹ ቁጥር ብቻ ነበር የጻፍነው።

በስድስተኛው ቀን አንቺና አያ ካሳዬ በድንጋዮቹ ዙሪያ ያለው ተራራ ምን ያህል ሰማይ እንደሚከልል ልትለኩ ወደ ኋላ ቀራችሁ። እኔን ከበቅሎዋ ጋር ቀድሜ እንድወርድ አደረጋችሁኝ። አንቺ አንድ ነገር ብቻ ነበር ያልሽኝ፤ "ጅረቱ ጋ ስትደርሺ ጭነቱን አውርጂና በእጅሽ አሻግሪው።" እኔ አላወረድሁም። በቅሎዋ መሃል ላይ ስትደርስ እግሯ አዳለጣትና በጉልበቷ ተንበረከከች። ጆንያው ውኃ ውስጥ ገባ።

እዚህ ጋ ስለ ብርዱ ሦስት መስመር ጽፌ ነበር። ጣቶቼ ደንዝዘው ነበር፣ ገመዱን መፍታት አቅቶኝ ነበር የሚል። አባቴ ሲሰማ "ብርድ ከረጢት አያቀያይርም" ብሎ አሰረዘኝ።

ጆንያውን ጎትቼ አውጥቼ ከረጢቶቹን ሣሩ ላይ ዘረገፍኋቸው። የአንድ፣ የሦስትና የአምስት ቁጥር ይነበባል። የሁለቱ ከረጢቶች ቀለም ግን ታጥቦ ሄዷል። ሁለቱንም ፈትቼ አየኋቸው። ያው ጥቁር ድንጋይ ነው፣ አንዱ ከሌላው የሚለይበት ነገር የለውም። አንደኛው ጥቂት ሽበት ያለበት ስለመሰለኝ እሱን ሁለት አልሁት፣ ሌላውን አራት። ቁጥሩን እንደገና ጽፌባቸው አድርቄ ጆንያ ውስጥ መለስኋቸው። ሽበቱ በሁለቱም ላይ እንደነበረ ያኔም ይታየኝ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ እንደመረጥሁ ቁጠሪው።

ስትደርሱ "በደህና ተሻገራችሁ?" አልሽኝ።

"አዎ" አልሁሽ።

ያኔ ብነግርሽ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ትቆጪኝ ነበር፣ ከዚያ ተመልሰን ወጥተን ሁለቱንም እንደገና እንፈልጥ ነበር። ግማሽ ቀን ነበር የሚፈጀው። በዚያ ግማሽ ቀን ፈንታ ይኸውና ሰባት ዓመት ሊሆነን ነው።

አራቱ ናሙናዎች ወደ ውጭ አገር ላቦራቶሪ ተላኩ፣ "አራት" የተባለው ከረጢት መርሳ እኛ ቤት ቀረ። ውጤቱ ሁለት ዓመት ያህል ቆየ። ሲመጣ አንደኛው፣ ሦስተኛውና አምስተኛው ከአሥራ ዘጠኝ እስከ ሃያ አንድ ሺህ ዓመት ሆኑ። ሁለተኛው ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ። አንቺ ወረቀቱን አራት ጊዜ አነበብሽው። እኔ መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ በእጄ መዳፍ ላይ አሰላሁ። ከአንድ ሜትር በላይ ውፍረት ያለው ድንጋይ ሆዱ ላይ የሚደርሰው ጨረር ጀርባው ላይ ከሚያርፈው ከሰባት አንድ እጅ ነው። ሃያ ሺህን ለሰባት ስትካፍዪው ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ ገደማ ይመጣል። የተላከው ድንጋይ የአያ ካሳዬ አባት የገለበጡት ነበር። ከዚያች ደቂቃ ወዲህ ጥርጣሬ አልነበረኝም።

ግንቦት 2013 ጽሑፍሽን ስታቀርቢ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። ከሌላ ቦታ የመጣው ፈታኝ ደብተርሽን ገልጦ "ከሁሉም የምተማመንበት" ያልሽውን ጮክ ብሎ አነበበው። "በጣም የተማመንሽበት ድንጋይ ከሦስት ሺህ ዓመት በታች ከሆነ ሌሎቹን በምን ልመንሽ?" አለሽ። ምናልባት ክምሩ የበረዶ ሳይሆን በተለያየ ጊዜ የተናደ ተራራ ነው አለ። ዶክተር ዮሐንስ ከጭንቁ ሊያወጡሽ ፈለጉ። አንድ ያፈነገጠ ቁጥር መጣል በሥራው ያለ ነገር ነው፣ ጣዪውና በሦስቱ ቀጥዪ አሉሽ።

የመለስሽውን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። "ለምን እንደተሳሳተ ሳላውቅ አልሰርዘውም። ስላላማረኝ ከጣልሁት ሌሎቹንም ስላማሩኝ ብቻ ነው የያዝኋቸው ማለት ነው።"

 ያኔ እጄን አውጥቼ "ከረጢቱን ያቀያየርሁት እኔ ነኝ" ማለት ነበረብኝ። አራት ቃል ነው። ለራሴ ያቀረብሁት ምክንያት የእኔም ጽሑፍ በነዚያው ቁጥሮች ላይ የቆመ መሆኑ ነበር። እዚያ ተራራ ላይ ሲበርድ የወሎ ሐይቆች ደርቀው ነበር ወይ ብዬ የጻፍሁት ሁሉ ይፈርሳል ብዬ ፈራሁ። ዲፓርትመንቱ ደግሞ ረዳት መምህር አድርጎ ሊያስቀረኝ ነበር። ፈታኞቹ የመስክ ሥራሽን እንደገና ሠርተሽ ነይ ብለው አንድ ዓመት አዘገዩሽ። እኔ ከሁለት ሳምንት በኋላ አቅርቤ አለፍሁ። ሁለተኛውን ድንጋይ ጥዬ ከገጹ ግርጌ አንዲት መስመር ጻፍሁ፤ "የልዩነቱ ምክንያት አልታወቀም" የምትል። ከጻፍሁት ሁሉ ሐሰት መሆኗን እያወቅሁ የጻፍሁት እሷን ነው።

ወልድያ መናኸሪያ ስንለያይ ሻንጣሽን ሚኒባሱ ላይ እየሰቀሉልሽ ወደ እኔ ዞረሽ "የሆነ ቦታ እጄ ተሳስቷል፣ የት እንደሆነ ግን ማወቅ አቃተኝ" አልሽኝ። እኔም "አይዞሽ" አልሁሽ። በሕይወቴ ከተናገርሁት ቃል ሁሉ የምታሳፍረኝ እሷ ናት።

ከዚያ ነሐሴ ላይ ጦርነቱ እኛም ጋ ደረሰ። ከመርሳ በውርጌሳ አድርገን በእግራችን ወደ ደሴ ሸሸን። አንቺ በሕይወት መኖርሽን የሚነግረኝ አላገኘሁም። እውነቱን ልንገርሽና፣ አንዳንዴ አለመስማቴ ቀለለኝ። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ ቤታችን ባዶ ነበር። ቴሌቪዥኑ፣ ፍራሹ፣ የአባቴ የውኃ ሞተር ሳይቀር ተወስዷል። የናሙናውን ከረጢትም ወስደው ድንጋዮቹን ወለሉ ላይ ደፍተዋቸዋል። እናቴ ልትጠርጋቸው መጥረጊያ ስታነሣ እጇን ያዝኋት። ምንድን ናቸው ብትለኝ የጓደኛዬ ናቸው አልኋት። በድስት ክዳን ሰብስቤ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኋቸው። ሦስት ዓመት ልብስ ባወጣሁ ቁጥር አያቸው ነበር።

አሁን ወደ አያ ካሳዬ ልምጣ። ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ወልድያ ሆስፒታል በር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ዓይናቸውን ሊታከሙ ወርደው አንደኛው በፋሻ ተሸፍኖ ነበር። ሰላም ስላቸው በድምፄ ለዩኝ። የቤተሰቤን ደህንነት ከጠየቁኝ በኋላ መጀመሪያ ያነሡት አንቺን ነው። "ያቺ ድንጋይ የምትጠይቀው ልጅ ደህና ናት? ሐራ ለመንገድ ሥራ ጠጠር ትመርጣለች ብለውኛል። ቁጥሯን ትታልኝ ነበር" ብለው ከኪሳቸው የተጣጠፈ ወረቀት አወጡ። እዚያው ቁጭ ብለን ስለማላውቀው ነገር ነገሩኝ።

ሰኔ 2013፣ ከዲፌንስሽ በኋላ፣ ብቻሽን ተመልሰሽ ወጥተሻል። ሦስት ቀን ዝናብ እየመታሽ የሁለተኛውን ድንጋይ ሥር ዙሪያውን ቆፍረሻል። አፈሩ ድሮ እንደተቀመጠ ነበር፣ የተነካ ነገር የለውም። እሳቸውም ጎንበስ ብለው አይተዋል። ከዚያ ጭቃው ላይ ቁጭ ብለሽ "አያ ካሳዬ፣ አባትዎ የገለበጡት አራተኛውን መሆኑን እርግጠኛ ነዎት?" ብለሽ ጠየቅሻቸው። እርግጠኛ ነኝ አሉሽ። አንቺም "እንግዲያው ዓይኔ ነው፣ ለዚህ ሥራ አልተፈጠርሁም" ብለሽ መዶሻሽን ትተሽላቸው ወረድሽ።

ይህን ነግረውኝ ሲያበቁ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቀጠሉ። "ከሄደች ወዲህ ነገሩ እኔም ላይ ተምታታብኝ። ሕፃን ነበርሁ እኮ። አባቴ የገለበጠው ምናልባት ሁለተኛውን ይሆን? ልጅቱን ያሳሳትኋት እኔ እሆን እያልሁ ተራራው ላይ በወጣሁ ቁጥር ሁለቱን ድንጋዮች አያለሁ።"

ጥሩወርቅ፣ እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ዝምታዬ የጎዳው አንቺን ብቻ ይመስለኝ ነበር። አንድ ሽማግሌ በገዛ ዓይናቸው ያዩትን የአባታቸውን ሥራ እየተጠራጠሩ መኖራቸውን አላውቅም ነበር። እዚያው ሰው በሞላበት ነገርኋቸው። "አልተሳሳቱም አያ ካሳዬ። ከረጢቱን ጅረቱ ላይ ያቀያየርሁት እኔ ነኝ" አልኋቸው።

 በተሸፈነው ዓይናቸው በኩል ስለተቀመጥሁ ፊታቸውን በደንብ ማየት አልቻልሁም። "አባቴን ውሸታም ልታደርጊብኝ ነበር" አሉ። ቁጣ አልነበረበትም። ቀጥለውም "ይኸን ለእኔ መንገርሽ ደግ ነው፣ የነገሩ ባለቤት ግን ሌላ ናት" ብለው ያን ወረቀት እጄ ላይ አስቀመጡት።

በማግሥቱ ወደ አንቺ መምጣት ነበረብኝ። ከመርሳ ሐራ የአንድ ሰዓት ከግማሽ መንገድ ነው። እኔ ግን ወደ ዶክተር ዮሐንስ ሄድሁ። ሁሉንም ነገርኋቸው፣ ቁም ሳጥኔ ውስጥ የነበሩትን ድንጋዮችም ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥሁ። ስጨርስ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። "ጥሩወርቅ ታውቃለች?" አሉኝ። ገና አልነገርኋትም አልሁ። "እኔ አልደውልላትም፣ ይህ ያንቺ ነው" አሉኝና ናሙናውን ወደ ላቦራቶሪው ላኩት። እኔም ውጤቱ ይምጣና ማስረጃ ይዤ እሄዳለሁ ብዬ ለራሴ ነገርሁ። ያም ሌላ ፍርሃት ነበር። አንቺ የሚያስፈልግሽ የላቦራቶሪ ወረቀት አልነበረም፣ የእኔ ቃል ነበር። ዓመቱን ሙሉ ጠበቅሁ።

ውጤቱ ጥቅምት መጨረሻ ላይ መጣ። አሥራ ዘጠኝ ሺህ አራት መቶ፣ ሲደመር ሲቀነስ አንድ ሺህ። ከሌሎቹ ሦስት ጋር አንድ ነው። ያ ሽበታም ድንጋይ አንቺ እንዳልሽው ከተቀመጠበት ቀን ጀምሮ ሰማይን ሲያይ ኖሯል።

ከወረቀቱ በኋላ ምን እንደምትዪ አውቃለሁ። "አራት ድንጋይ የበረዶ ዘመን አይሆንም" ትያለሽ። እውነት ነው። አራቱ በአንድ ዘመን እዚያ መቀመጣቸውን ብቻ ነው የሚነግሩን። በረዶ ገፍቷቸው ይሁን አንድ ትልቅ ናዳ በአንድ ቀን አውርዷቸው ይሁን ገና አልለየም። ያ ሲደመር ሲቀነስ የተባለው ሺህ ዓመትም ቀላል አይደለም። በሺህ ዓመት ውስጥ ስንት ክረምት ሊጠፋና ሊመለስ እንደሚችል አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ። ለኔ ግን ይህ አዲሱ ቁጥር የሚለው ሌላ ነገርም ነበር። የመጀመሪያውን ቁጥር ባለመጣልሽ ትክክል ነበርሽ። የተሳሳተበት ምክንያት ነበረው፤ ምክንያቱም አጠገብሽ ተቀምጦ ነበር።

አባቴ እዚህ ድረስ ሲሰማ ቆየና የጠየቀኝ ስለ በረዶው አልነበረም። "ልጅቱ አሁን ስንት ዓመቷ ነው?" አለ። ሠላሳ አራት አልሁት። ይልጠው የነበረውን ማንጎ አስቀምጦ "ከሃያ ሺው ይልቅ የሷ አራት ዓመት ከብዶ ታየኝ" አለ። እንዳለው ጻፍሁልሽ።

ባለፈው ሳምንት ለዲፓርትመንቱ ደብዳቤ አስገብቻለሁ። የሆነውን ሁሉ በቅደም ተከተል ጽፌ፣ የእኔ ጽሑፍ ግርጌ ያለችው መስመር ሐሰት መሆኗን ገልጬ፣ ያንቺ ጉዳይ እንደገና እንዲታይ ጠይቄያለሁ። የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ፣ ኅዳር 25፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በመምህራኑ ሁሉ ፊት እንድናገር ጠርተውኛል። ወደ ትምህርትሽ እንድትመለሺ በር እንደሚከፍቱልሽ ዶክተር ዮሐንስ ተስፋ አላቸው። በእኔ ላይ የሚወስኑትን ገና አላወቅሁም። ዲግሪዬንም የመምህርነት ሥራዬንም ሊነኩት ይችላሉ። ይህን የምነግርሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም፤ ከሌላ ሰው ሰምተሽ በእኔ ምክንያት እንዳትጨነቂ ነው።

ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። መልሱን ግን አልጠብቅብሽም። አራት ዓመት ተኩል የራስሽን እጅ እንድትጠራጠሪ ያደረገ ሰው መልስ የመጠበቅ መብት የለውም። ጠጠር መምረጡን ወደሽው ከሆነ እዚያው ቆዪ፤ የሚመርጠው እጅ ግን በሁለተኛው ድንጋይ እንዳልተሳሳተ ዕወቂ። መመለስ ከፈለግሽም ጽሑፍሽ፣ ደብተርሽና ውጤቱ ዶክተር ዮሐንስ ቢሮ አሉ። አያ ካሳዬም ዓይናቸው ድኗል፤ ሰው ይዞ የሚወጣ ካለ እመራለሁ ብለዋል።

ይህን ደብዳቤ ነገ ወደ ሐራ ለሚሄደው ሚኒባስ ሾፌር እሰጠዋለሁ፣ በእጅሽ እንዲያደርስልኝም አደራ እለዋለሁ። ሐሙስ ብትመጪም ባትመጪም እዚያ የምናገረው እዚህ የጻፍሁትን ነው፤ መጀመሪያ የአንቺን ስም ጠርቼ፣ የእኔን ደግሞ ስህተቱ ባለበት ቦታ ላይ አድርጌ።

ናጅዋ አብዱልጀሊል